ከሙቀት ወደ ከባድ ብርድ ለሥራ ለሚሄዱ፦ ከወፍራም ልብስ በፊት ደረቅ ልብስ

ከሞቃት አካባቢ ወደ ውርጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ወፍራም ጃኬት ነው። ጃኬቱ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከዜሮ በታች 30 እና 40 ዲግሪ ላይ ብዙ ሠራተኛ የሚጎዳው ልብስ አንሶት ሳይሆን የለበሰው ልብስ ረጥቦበት ነው። በሙቀት ስንሠራ ላብ ያድነናል፤ ከቆዳ ላይ እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብርድ ግን ያው ላብ ልብስ ውስጥ ይቀራል፣ ሥራ ሲቆም ይቀዘቅዛል። ውሃ ደግሞ ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ የሰውነትን ሙቀት ያሸሻል። ብርድን በሚገባ የሚያውቁ ሠራተኞች ቀስ ብለው ሲሠሩ የምታዩት ሰንፈው አይደለም፤ ላብ እንዳይመጣባቸው ነው።

ከዚህ በኋላ −30 ብዬ ስጽፍ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለቴ ነው። በፋራናይት ከሚናገሩ ሰዎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ −40 በሁለቱም መለኪያ አንድ መሆኑን ያዙ።

ቴርሞሜትሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ነፋሱን እዩ። −20 ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ የተገለጠ ቆዳ የሚቀዘቅዘው −33 የሆነ ያህል ነው። −30 ላይ ያው ነፋስ ቢመጣ −46 ገደማ ይሆናል። ነፋስ የተጨመረበት ቁጥር ከ−28 እስከ −39 ባለው መካከል ሲሆን የተገለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውርጭ ሊመታው ይችላል፤ ከ−40 እስከ −47 ሲሆን ደግሞ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ለቆዳ ነው። ሞተር ወይም ቧንቧ በነፋስ ቶሎ ይቀዘቅዛል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አይወርድም።

ልብስን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አንድ መለኪያ አለው። ወጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ትንሽ ብርድ ብርድ ካላላችሁ ከልክ በላይ ለብሳችኋል ማለት ነው። አካፋ ከማንሳታችሁ ወይም ሸክም ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ድርብ አውልቁ፤ ላብ ከመጣ በኋላ ማውለቅ ብዙም አይጠቅምም። በሥራ መሀል ሙቀት ሲሰማችሁ መጀመሪያ የአንገቱን ዚፕ ክፈቱ፣ ከዚያ የእጅጌውን ጫፍ፣ ከዚያ ኮፍያችሁን ቀለል ባለ ቀይሩ። ሥራ ስታቆሙ ደግሞ ብርዱ እስኪሰማችሁ ሳትጠብቁ ወዲያው ደርቡ።

ከቆዳ ጋር የሚገናኘው ልብስ ስስ የሜሪኖ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላቡን ይመጠዋል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሲረጥብም ሙቀት የመያዝ አቅሙን ያጣል። ብዙ ሰው ካናቴራውን ቀይሮ የውስጥ ሱሪውንና ካልሲውን ጥጥ እንደሆነ ይተወዋል፤ እነሱም መቀየር አለባቸው። በላዩ ላይ ሱፍ ወይም ፍሊስ (ሱፍ የመሰለ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፋስ የሚያግድ ሰፋ ያለ ጃኬት ይለበሳል። የላባ ጃኬት በጣም ይሞቃል፤ ግን ሲረጥብ ሟሽሾ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ቆሞ ለሚጠብቅ፣ ለጥበቃና ለትራፊክ ሠራተኛ ጥሩ ነው፤ ለአካፋና ለመዶሻ ግን በሰው ሠራሽ ክር የተሞላው ይሻላል።

ብዙዎች የማያዩት ነገር አለ። −35 ላይ ሁለት ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ የላይኛውን ጃኬት አውልቁና ውስጡን ገልብጡት። ገበሩ ላይ፣ በተለይ በጀርባና በብብት በኩል፣ የደቀቀ ጨው የመሰለ ነጭ አመዳይ ታገኛላችሁ። ከሰውነታችሁ የወጣው እንፋሎት ወደ ውጭ ሲሄድ መንገድ ላይ በርዶ የቀረ ነው። ሞቃት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በደረቅ ብሩሽ ወይም በጓንታችሁ ጠርጋችሁ አራግፉት። ሳታራግፉ ከገባችሁ ይቀልጥና ወደ ልብሱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከዕረፍት ተመልሳችሁ ስትወጡ እርጥብ ጃኬት ለብሳችሁ ትወጣላችሁ። ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ ይልቅ ለምን እንደሚበርድ የማይገባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጫማ ላይ ደግሞ ትልቁ ጥፋት ጥበት ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ በልክ በተገዛ ጫማ ውስጥ ከገባ እግሩ ይጨነቅና ደም በደንብ አይዞርም፤ ውጤቱም ከአንድ ካልሲ የከፋ ብርድ ነው። ቦት ጫማ ስትገዙ ወፍራሙን ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ፤ ጣቶቻችሁ ውስጡ ያለችግር መንቀሳቀስ አለባቸው። የሚወጣ የሱፍ ገበር ያለውን ምረጡ፤ ማታ ማታ ገበሩ ወጥቶ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ካልደረቀ እግር በቀን የሚያወጣው ላብ እየተጠራቀመ በሦስተኛው ቀን ጫማው ከውስጥ በረዶ ይሆናል። ሁለት ጥንድ ገበር ይዞ ማፈራረቅ ከሁሉ ይሻላል። የደኅንነት ጫማ ግዴታ በሆነበት ሥራ አፍንጫው ከብረት ይልቅ ከኮምፖዚት (ብረት ካልሆነ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቁስ) የተሠራውን ጠይቁ። ቀዝቃዛ ኮንክሪት ወይም በረዶ ላይ ለረጅም ሰዓት የምትቆሙ ከሆነ ከእግራችሁ ሥር ጣውላ ወይም ወፍራም ፎም አንጥፉ።

እጅን በተመለከተ፣ አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ጓንት ጣት ለጣት ከተለየው በእጅጉ ይሞቃል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሞቃቃሉ። ቡሎን ማሰር የመሰለ ረቂቅ ሥራ ካለ ከሥሩ ስስ ጓንት ልበሱ፤ ወፍራሙን ስታወልቁ ባዶ እጅ ብረት እንዳይነካ። በባዶ እጅ የተነካ የበረደ ብረት ቆዳን ይይዛል። ከተጣበቀ አትጎትቱት፤ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበት፣ ይለቃል። ከብረት የከፋው ደግሞ ቤንዚን ነው። −30 ላይ ቤንዚን አይረጋም፤ ፈሳሽ ሆኖ የአየሩን ብርድ ይዞ ይቀመጣል። እጅ ላይ ሲፈስ ያንን ብርድ በአንዴ ያሳርፍና እየተነነ ይጨምርበታል፤ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል። ነዳጅ ስትቀዱ ፈሳሽ የማያሳልፍ ጓንት አድርጉ።

ብርድ ከሙቀት የሚከፋበት ዋናው ነገር ማስጠንቀቂያውን ቶሎ ማጥፋቱ ነው። ሙቀት ያስጠማል፣ ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፤ ብዙውን ጊዜ ሰው አንድ ነገር እንደሆነ ይሰማዋል። ብርድ ግን መጀመሪያ ይጠዘጥዛል፣ ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። «አሁን ተሻለኝ፣ ለመድኩት» የሚባለው በዚያ ሰዓት ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። ጣት ማሳመሙን ካቆመና መነካቱ ካልተሰማችሁ ሥራውን አቁማችሁ ግቡ። ፊትን ራስ ማየት ስለማይቻል ከሥራ ባልደረባ ጋር በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ፊት ለፊት መተያየት ልማድ ይሁን፤ አፍንጫ፣ የጆሮ ጫፍ፣ ጉንጭ፣ አገጭ። ነጣ ያለ፣ ሰም የመሰለ ነጠብጣብ ውርጭ መምታት መጀመሩን ያሳያል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ንጣቱ ጎልቶ አይታይም፤ አመድማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ሲነኩት ደግሞ ጠጠር ይላል። በሠራዊት ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በብርድ የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም፤ በብርድ ጊዜ ደም ወደ ጣት ጫፍ የሚመላለስበት መንገድ ይለያያል። ስለዚህ ከጎናችሁ ያለው ሰው ባዶ እጁን ስለሠራ እናንተም ትችላላችሁ ማለት አይደለም።

ገና የጀመረውን በራስ ሙቀት ማዳን ይቻላል፤ ጣትን ብብት ውስጥ፣ ጉንጭን በሞቀ መዳፍ። አትሹት፤ በረዶም አትቀቡት፤ በተጎዳው ሥጋ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይቆርጡታል። ጠልቆ ጠንክሮ ከሆነ ሕክምና ይፈለጋል። ሕክምና ሩቅ ከሆነና ዳግም የማይበርድበት ቦታ ከደረሳችሁ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል። ውሃው ስለሚቀዘቅዝ እየለካችሁ ሙቅ ጨምሩበት። እሳት ዳር ወይም ማሞቂያ ላይ ማስጠጋት ክልክል ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅም። ሲቀልጥ ሕመሙ ከባድ ነው፤ ማስታገሻ አስቀድማችሁ ስጡ። እንደገና የሚበርድ ከሆነ ግን ሳይቀልጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይሻላል፤ ቀልጦ ዳግም የበረደ ጣት የባሰ ይጎዳል።

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። መጀመሪያ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅ ዕቃ ይጥላል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ሰውየው ይነጫነጫል ወይም ምንም ግድ የማይሰጠው ይሆናል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ካቆመ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። አንዳንዱ በዚህ ደረጃ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል፤ አትተዉት። ወደ ሙቅ ቦታ አስገቡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ በደረቅ ሸፍኑት፣ አስቀድማችሁ ደረቱንና ብብቱን አሙቁ። ንቃተ ህሊናው የተስተካከለ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። በጣም የበረደውን ሰው በእርጋታ አንቀሳቅሱ፤ ማንገላታት የልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። አልኮል በፍጹም አትስጡ፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል እንጂ የውስጡን ሙቀት ያወጣል።

የሥራ ሰዓትን በተመለከተ በሰፊው የሚሠራበት የአራት ሰዓት ፈረቃ ሠንጠረዥ አለ። ነፋስ በሌለበት፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው ከ−32 እስከ −34 ድረስ በአንድ ጊዜ ከ75 ደቂቃ አይበልጥም፤ ከ−35 እስከ −37 ድረስ 55 ደቂቃ፣ −38 እና −39 ላይ 40 ደቂቃ፣ ከ−40 እስከ −42 ድረስ 30 ደቂቃ። በየመሀሉ ሙቅ ቦታ 10 ደቂቃ ይታረፋል። −43 ሲደርስ ድንገተኛ ያልሆነ ሥራ ይቆማል። ነፋስ ካለ ወይም ሥራው ቀላልና እንቅስቃሴ የሌለው ከሆነ ሰዓቱ ከዚህም ያጥራል። አሠሪው እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ከሌለው ጠይቁ፤ መጠየቅ ሥራን መፍራት አይደለም።

በብርድ ጥማት ይጠፋል፣ ሽንት ግን ይበዛል፤ ደረቁ አየርም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ የሽንቱ ቀለም ከጠቆረ አንሷችኋል። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ያዙት፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይዘጋባችሁም። ቅባት ያለው ምግብ በርከት አድርጉ፤ ከባድ ልብስ ለብሶ በበረዶ ላይ መሄድ ብቻውን ጉልበት ይፈጃል።

መሣሪያዎችም ጠባያቸው ይለወጣል። ተራ ብረት ተሰባሪ ይሆናል፤ መዶሻና መፍለጫ ሲመቱ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ተራ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድ ሽፋኑ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፤ ለብርድ የተሠራውን ግዙ። የ30 ሜትር የብረት ሜትር በ20 ዲግሪ የተስተካከለ ከሆነ −30 ላይ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ለመሠረት ልኬት ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሃይድሮሊክ ማሽንን ከባድ ሥራ ከማሠራታችሁ በፊት ዘይቱ እስኪሞቅ በቀስታ አንቀሳቅሱት። የሊቲየም ባትሪን ከዜሮ በታች ቻርጅ አታድርጉ፤ ውስጡ ለዘለቄታው ይበላሻል። የመሰርሰሪያውን ትርፍ ባትሪ በደረት ኪስ ያዙ፤ ስልክም እንደዚያው። የበረደ ስልክ፣ ካሜራ ወይም ሌዘር መለኪያ ወደ ሙቅ ክፍል ስታስገቡ ውጭ ሳላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ ከሙቁ አየር የሚጠለው ውሃ ከረጢቱ ላይ ይቀራል እንጂ ዕቃው ላይ አይጠልም። እስኪሞቅ አትክፈቱት። የቡቴን ጋዝ ዜሮ ገደማ ላይ መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን ደግሞ −42 ላይ።

ኮንክሪት ለሚሠሩ፦ አየሩ ከ4 ዲግሪ በታች ከሆነ ወይም ይወርዳል ከተባለ የብርድ ጊዜ አሠራር ይጀመራል። በረዶ በሆነ አፈር ላይ አታፍስሱ፤ አፈሩ ሲቀልጥ ይሰምጣል። ትኩስ ኮንክሪት 3.5 ሜጋፓስካል ገደማ ጥንካሬ ሳያገኝ ከበረደ ውስጡ ያለው ውሃ በ9 በመቶ ያብጥና ጥንካሬውን በእጅጉ ያሳጣዋል። ድንኳን ሠርታችሁ ስታሞቁ ጭሱ ውስጥ የሚቀር ማሞቂያ አታስገቡ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ትኩሱን ገጽ ያበላሸውና ዱቄት የሚረግፍ ወለል ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ሠራተኛውን ይገድላል።

መኪና ላይ ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ ብዙ ያድናል። −18 ላይ ባትሪ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሳት የበለጠ ይፈልጋል። አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ 0ደብልዩ የሚል ዘይት ተጠቀሙ። ብሎክ ሂተር የሚባለውን የሞተር ማሞቂያ ከመነሳታችሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቀድማችሁ ሰኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አንቲፍሪዝና ውሃ እኩል በእኩል ሲደባለቅ እስከ −37 ያገለግላል፤ አንቲፍሪዙ 60 በመቶ ሲሆን እስከ −50 ገደማ። ንጹሑን መጨመር ይሻላል ብላችሁ አታስቡ፤ ውሃ ያልተቀላቀለበት ኤትሊን ግላይኮል −13 ላይ ይረጋል። ሙሉ ባትሪ እስከ −50 ድረስ አይረጋም፤ ያለቀ ባትሪ ግን −10 ገደማ ላይ በረዶ ይሆናል። ጎኑ ካበጠ በሌላ መኪና ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል። የጎማ ነፋስ አየሩ 5 ወይም 6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ናፍጣ ለብርድ ወቅት የተዘጋጀ ካልሆነ ሰም አውጥቶ ፊልትሮ ይዘጋል። ታንኩን ከግማሽ በታች አታውርዱ፤ በባዶው ክፍል ውስጥ የሚጠለው እርጥበት የነዳጁን መስመር በበረዶ ሊዘጋ ይችላል፣ መንገድ ላይ ብትቀሩም ሙቀታችሁ ነዳጁ ነው። ከቀራችሁ መኪናውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ የጭስ መውጫውን ከበረዶ ጠርጋችሁ፣ መስኮት በትንሹ ከፍታችሁ በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ሞተሩን አስነሱ።

ቤት ውስጥ እርጥበቱ በሌላ መልኩ ይመጣል። የበረደ አየር እርጥበት መሸከም ስለማይችል ቤት ገብቶ ሲሞቅ በጣም ደረቅ ይሆናል፤ አፍንጫ ይደማል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። ሰው ታዲያ የእንፋሎት ማሽን ገዝቶ ያለልክ ይከፍታል። ውጭው −30 ሲሆን የቤቱ እርጥበት ከ25 በመቶ ገደማ ካለፈ መስኮቱ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ሻጋታ ይጀምራል። ልብስ ክፍል ውስጥ ስታሰጡና ስታበስሉ አየር ማውጫውን ክፈቱ። ማሞቂያ ቢቋረጥ እንኳ ከሰል ወደ ቤት አታስገቡ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኝታ ቤት አጠገብ ይሰቀል። ለቀናት ከቤት ስትወጡ ማሞቂያውን ከ13 ዲግሪ በታች አታድርጉ። የውጭውን ግድግዳ ተጠግቶ የሚያልፍ ቧንቧ ካለ በጣም በሚበርድበት ሌሊት የመታጠቢያውን የታች ሳጥን በር ክፈቱ፣ ቧንቧውንም በቀጭኑ አንጠባጥቡ። በረዶ ከሆነ ከቧንቧው አፍ ጀምራችሁ በፀጉር ማድረቂያ ወደ ውስጥ አሙቁ፤ በእሳት አይሞከርም። ዋናውን የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ በመጀመሪያው ቀን እወቁ፤ ቧንቧ መፈንዳቱ የሚታወቀው ሲቀልጥ ነው።

ከብርድ ወደ ሙቀት ሥራ የምትመለሱም አትርሱ። ሰውነት ሙቀትን በደንብ የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከሙቀቱ ጥቂት ሳምንታት ከራቀ ደግሞ ያንን ልምምድ ያጣል። ስለዚህ የብርዱን ወቅት በውርጭ የሠራ ሰው ሙቅ ቦታ ሲመለስ እንደ አዲስ ሠራተኛ ይቆጠር፤ በመጀመሪያው ቀን ከሥራው 20 በመቶውን ብቻ በሙቀቱ ውስጥ ይሥራ፣ በየቀኑ 20 በመቶ ይጨምር። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣ። በብርድ ያስቀመጠውን ጥጥ ልብስም አሁን ሊለብሰው ይችላል፤ እዚህ ላይ ላቡን ይዞ ማቀዝቀዙ ይጠቅመዋል።